እዚያ ወሎዬ፣ እዚህ ወለጌ

አምባሰል ውስጥ ሰላምታ ረጅም ነው። ልጁ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ ጤናው ተጠይቆ ሲያበቃ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ «የማን ልጅ ነሽ?» ጥያቄው ክፋት የለበትም። መልሱ የአባት ስም፣ የአያት ስምና የመንደር ስም ከሆነ ጠያቂው «እንዴ! የእገሌ የልጅ ልጅ!» ይላል፤ ዝምድና ይመዘዛል፤ ቡና ይፈላል። መልሱ «ከወለጋ ነው የመጣነው» ከሆነ ግን ጠያቂው ፊቱን ዝቅ አድርጎ «አብሽሪ» ይላል። «አብሽሪ» ደግ ቃል ነው፤ ዝምድና ግን አይመዝም።

ከደሴ ተነስቶ ወደ ወልድያ የሚሄድ መንገደኛ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ ሐይቅ ከተማን ያገኛል። ውኃው ከከተማዋ በስተምሥራቅ ተኝቷል። መንገዱ ወደ ሰሜን ሲቀጥል፣ በ1881 ዓ.ም ከጣሊያን ጋር በተፈረመው ውል ስሟ በዓለም የታወቀው ውጫሌ ትመጣለች፤ ዛሬ የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በዚህ መሥመር ላይ፣ ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ ይደርሳል የተባለውን የባቡር ሐዲድ ይሠሩ የነበሩ ቱርኮች ለሠራተኞቻቸው መኖሪያ ሠርተው ነበር። ባቡሩ ሳይመጣ ሠራተኞቹ ሄዱ፤ ስማቸው ግን ቀረ። ሐይቅ ላይ «ቱርክ ካምፕ» ሲባል አሁን ቱርክ የሚያስብ የለም። የሚታሰበው ተፈናቃይ ነው። ሌላው መጠለያ፣ ጃሪ፣ ሲባልም እንዲሁ። በሸራ፣ በቆርቆሮና በብርድ ልብስ በተከፋፈሉት ቤቶች ውስጥ ከሰሜን ወሎና ከዋግ በሰሜኑ ጦርነት የሸሹ ነበሩ፤ ከወለጋ የመጡም ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ጦርነቱ ጋብ ሲል የሚመለሱበት መንደር ነበራቸው። ይህ ዘገባ ስለ ሁለተኛዎቹ ነው።

አንዲት ሴት እናስብ። ስም አልሰጣትም፤ የእሷን ዓይነት ታሪክ ያላት ሴት ብዙ ስለሆነች ከአንዷ ላይ ወስጄ አንዷን ማስቀየም አልፈልግም። ወደ አርባ የሚጠጋት ናት። የተወለደችው ወለጋ ነው። ጓሮዋ ውስጥ ቡናና ማንጎ ነበራት፤ ማሳዋ በቆሎ ይሰጣት ነበር። አማርኛ ከእናቷ፣ ኦሮምኛ ከገበያና ከጎረቤት ተምራለች፤ ስትደነግጥ የቱ እንደሚቀድማት እሷም አታውቀውም። አባቷ ከአምባሰል ሲወጣ ገና ጢም አላበቀለም ነበር። እዚያ ስሟ «የወሎዬዋ ልጅ» ነበር። ሐይቅ ስትደርስ፣ ማለትም ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቷ ወሎን ስትረግጥ፣ «ወለጌዋ» ሆነች።

ነገሩ የሚጀምረው ከሰባ ሰባት ነው። የ1977 ዓ.ም ረሃብ ወሎን ሲያረግፍ ደርግ አንድ ሚሊዮን ተኩል ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሰፍራለሁ ብሎ ተነሣ። እስከ 1978 ዓ.ም አጋማሽ ድረስ ስድስት መቶ ሺሕ ያህል ሰው ተጓጓዘ፤ ከግማሽ የሚበልጠው ከወሎ ነው። ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጋምቤላና መተከል ተበተነ። የተራበ ሰው የእህል ማደያው ያለበት መጠለያ ድረስ መጥቶ በዚያው አውቶቡስ ላይ የወጣ አለ፤ ወድዶ የተመዘገበ አለ፤ ገበያ ሄዶ ታፍሶ የቀረም አለ። በመንገድና በደረሰበት ቆላ በወባና በበሽታ ያለቀው ብዙ ነው።

የሰፈራው ዓይነት ሁለት ነበር። አንደኛው ትልልቅ ማሳና ትራክተር ያለው፣ ሰፋሪው ለብቻው የሚኖርበት ነው። ሁለተኛውን «ስግሰጋ» አሉት። በነባሩ ገበሬ መካከል፣ በዚያው የገበሬ ማኅበር ውስጥ፣ የተወሰነ ቤተሰብ እየተሰገሰገ ይገባል ማለት ነው። ነባሩ ጎጆ እንዲሠራለት፣ ማሳ እንዲያካፍለው፣ እህል እንዲያዋጣለት ታዘዘ። ከቃሉ ጀምሮ ደስ አይልም፤ ስግሰጋ የሚባለው ቦታ በሌለበት መካከል ሲገፋ ነው። የሚሰገሰገውም፣ የሚሰገሰግበትም አልተጠየቀም። ሆኖም የሰው ልጅ የተሰጠውን ቃል አይኖርም። ወለጋ ውስጥ፣ ቄጦ በሚባለው የሰፈራ ጣቢያ ከሰፋሪዎች ጋር ኖሮ ያጠና አሉላ ፓንክረስት የሚባል ተመራማሪ፣ ሰፈራውን በሰፋሪዎቹ ዓይን የሚያሳይ መጽሐፍ ጽፏል። ካምፕ ተብሎ የተጀመረው ሁሉ ውሎ አድሮ መንደር ሆነ። ወሎዬው ኦሮምኛ ለመደ፤ ኦሮሞው የወሎዬውን የጤፍ አዘራር አየ፤ በሬ ተዋዋሱ፤ በገበያ ተበደሩ፤ ተጋቡም። ደርግ በ1983 ዓ.ም ሲወድቅ ብዙዎች በእግራቸው ጭምር ወደ ወሎ ተመለሱ። የቀሩት ደግሞ ቀሩ፤ የቀረ ሰው ቤት ይሠራል፣ ልጅ ይድራል፣ ሬሳ ይቀብራል። የቀበሩበት አገር የእነሱ መሰላቸው። ማን ይፈርድባቸዋል?

አባቶቹ ግን ከአምባሰል ጋር ያላቸውን ነገር አልጨረሱም። አምባሰል ከቦታነት በላይ ቅኝት ነው፤ ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺ ሆዬ ጋር አራተኛው። ማሪቱ ለገሰ በዚህ ቅኝት ስታዜም በካሴት ያደመጠ ሰፋሪ፣ ከወለጋ ጭቃ ላይ ቆሞ ተራራውን ያያል። ልጁ አጠገቡ ተቀምጦ ያዳምጣል፤ አባቱ የሚያየውን ተራራ ግን አያይም። ስለዚህ የሁለተኛው ትውልድ አምባሰል በዜማና በጨዋታ የተሠራ ነው፤ ማር ያለበት፣ ምንጭ የሚፈስበት፣ ክርስቲያንና እስላም አብሮ የሚበላበት። ረሃቡ ከጨዋታው ወጥቶ ነበር። አባቶች ልጅ እንዲያዝን አይፈልጉም፤ በዚህ አልወቅሳቸውም። ችግሩ የመጣው ልጆቹ ያንን አምባሰል ፍለጋ ሳይሆን ነፍሳቸውን ይዘው ሲመጡ ነው።

ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ በምዕራብ ኦሮሚያ አማርኛ ተናጋሪ መንደሮች ላይ የተፈጸመው ጥቃት ተደጋገመ። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም በጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ፤ አብዛኞቹ የሰባ ሰባቶቹ ሰፋሪዎችና የልጅ ልጆቻቸው ነበሩ። ከዚያ የኪረሙ ጥቃት ተከተለ። የተረፈው፣ ጎረቤት ሸሽጎት የተረፈው ጭምር፣ በእግርም በመኪናም ወደ ምሥራቅ ተነሣ። የሄደበትን አቅጣጫ ልብ ይሏል። አባቱ ከአርባ ዓመት ገደማ በፊት በአውቶቡስ የመጣበትን መንገድ ወደ ኋላ መጓዙ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያስብ የሚችለውን አውቃለሁ፤ ወደ አያት አገር ከተመለሱማ መዋሐዱ ምን ያስቸግራል? ቋንቋው አንድ፣ ሃይማኖቱ አንድ፣ መልኩ አንድ። ስጀምር እኔም ከዚህ ያልራቀ ነገር አስብ ነበር። አስቸጋሪው ግን ይኸው ነው። ባዕድ አገር የገባ ሰው ባዕድነቱ ይታወቅለታል። ቋንቋ ያስተምሩታል፤ ወግ ቢሳሳት ይታለፍለታል። አገሩ ነው የተባለ ሰው ግን አገሩን ማወቅ ይጠበቅበታል። ሴትየዋ ማሽላ እንዴት እንደሚጠበቅ አታውቅም፤ ብርዱን አታውቅም፤ የድንጋዩን እርከን አታውቅም። ገበያ ላይ የምትጠይቅበት አማርኛ ዜማው ሌላ ነው፤ በመካከል አንድ የኦሮምኛ ቃል ያመልጣታል። ሰው ዞር ብሎ ያያል። እሷም አንገቷን ትደፋለች፤ ያ ቃል ከሸሸችበት ቦታ ስለሆነ ማን እንደሚጠረጥራት አታውቅም።

የሚገርመው እዚህ ምድር ላይ ኦሮምኛ እንግዳ አለመሆኑ ነው። ሐይቅ ዋና ከተማው የሆነችለት ወረዳ ተሁለደሬ ይባላል፤ ጎረቤቱ ወረባቦ፤ ራቅ ብሎ ወረ ኢሉ፣ ወረ ሂመኖ። «ወረ» በኦሮምኛ ቤተሰብ፣ ወገን ማለት ነው። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን በኋላ በዚህ የሰፈሩት ኦሮሞዎች መሬቱን በቤታቸው ስም ጠሩት፤ ራሳቸውም ከነባሩ ተጋብተው ወሎዬ ሆኑ። ከዚያ በፊትም ቢሆን ይህ አገር በመጤ የተሠራ ነው። ቀድሞ ደሴት የነበረው፣ ዛሬ ውኃው ሸሽቶ ከየብስ የተያያዘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን ስሙ የገነነው በአባ ኢየሱስ ሞዐ ነው፤ እሳቸው ወደ ሐይቅ የመጡት ከደብረ ዳሞ ነበር። ተማሪያቸው የነበሩት አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከሸዋ ነበር የመጡት። አምባሰል ወረዳ ውስጥ ያለችው ግሸን ማርያምም መስከረም 21 ስትነግሥ ከአራቱም ማዕዘን የሚጎርፈውን ሰው ያስተናግዳል። እንግዳ መቀበል ለዚህ ሕዝብ ልማዱ ነው። ግን እንግዳ የሚሄድ ነው፤ ልማዱ የተሠራው ለሚሄድ ሰው ነው። ሦስት ዓመት የተቀመጠ እንግዳ በየትኛው ወግ ይስተናገዳል?

አሁን መሬት እናንሣ፤ ቁም ነገሩ እዚያ ነው። ሴትየዋ አምባሰል ውስጥ የአያቷን መንደር ስም ታውቃለች። አንድ ቀን ሄዳ አየችው እንበል። ዛፉ የለም፤ ቤቱ የለም፤ ማሳው ግን አለ፣ ታርሷል። የሚያርሰው ሰው ሌባ አይደለም። በ1967 ዓ.ም የካቲት የታወጀው አዋጅ መሬትን የሕዝብ ካደረገ ወዲህ ማሳ በውርስ ብቻ ሳይሆን በአካል በመገኘትም ይያዛል። ሰፋሪው በሄደ ማግሥት ማሳው ለሌላ ተደለደለ፤ ኋላም ያ ሌላው አረንጓዴውን የይዞታ ደብተር ተቀበለ። ለልጁ የሚያካፍለው ስለሌለው ራሱም ጨንቆታል። በደቡብ ወሎ ደጋ አንድ ቤተሰብ ከአንድ ሄክታር በታች ይዞ ሲኖር የሚያስገርም ነገር የለውም። ወጣቱ የወላጁን ሞት ወይም እርጅና ካልጠበቀ መሬት አያገኝም፤ ያለው ምርጫ የሌላውን ማሳ በእኩል ማረስ ነው። የዚያ ወጣት ጎረቤት ሆኖ «የአያቴ መሬት» ማለት ጠብ መጫር ነው። ሴትየዋ ይህን ሳይነግሯት ታውቃለች። ማሳውን አይታ ዝም ብላ ተመለሰች።

ከመሬት ቀጥሎ ወረቀት አለ። ቀበሌ ሄዶ መታወቂያ የጠየቀ ሰው «መሸኛ አምጣ» ይባላል። መሸኛ ከቀድሞ ቀበሌ የሚጻፍ፣ ነዋሪነትን ከዚያ የሚነቅል ደብዳቤ ነው። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ቢቃጠልስ? ለመጻፍ ሥልጣን ያለው ሰው በሸሹበት ቦታ ቢኖርስ? መሸኛ የሌለው መታወቂያ አይኖረውም፤ መታወቂያ የሌለው ቤት ሲከራይም፣ ባንክ ሲሄድም፣ ሲም ካርድ ሲያወጣም ይቸግረዋል። የልጁ ትምህርት ቤት ደግሞ የክፍል ውጤት ማስረጃ ይጠይቃል። በኦሮምኛ እስከ አምስተኛ የተማረ ልጅ በአማርኛ አንደኛ ክፍል ሊገባ ይችላል፤ ከራሱ ግማሽ ከሚሆኑ ልጆች ጋር። በኦሮምኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች እዚያው ክልል ውስጥ በከሚሴ ዙሪያ አሉ፤ ነገር ግን ከሐይቅ ወደ ከሚሴ ልጅን መላክ ከአንድ መጠለያ ወደ ሌላ ስደት መላክ ነው።

ኢትዮጵያ የአፍሪካ ኅብረትን የካምፓላ ስምምነት በ2012 ዓ.ም አጽድቃለች። ስምምነቱ ለተፈናቃይ ሦስት መንገድ ያስቀምጣል፤ ወደ ቀዬ መመለስ፣ ባሉበት መዋሐድ፣ ወይም ሌላ ቦታ መስፈር። ሦስቱም በተፈናቃዩ ፈቃድ ነው። በተግባር የሚነሣው ግን መጀመሪያው ብቻ ነው፤ ባለሥልጣን አፍ ላይ «መልሶ ማቋቋም» ሲባል ሁልጊዜ መንገዱ ወደ ምዕራብ ነው። በ2016 ዓ.ም የተወሰኑት ወደ ወለጋ ተመልሰዋል። የተመለሱበት ቀዬ እንዳልጠበቃቸው አይተው እንደገና የመጡም አሉ። ሁለተኛውን መንገድ፣ እዚህ ዜጋ ሆኖ መቀመጥን፣ ከልብ ያቀደለት አላየሁም። መሬት ሳይኖር፣ መታወቂያ ሳይኖር «መዋሐድ» ወረቀት ላይ የተቀመጠ ቃል ነው። ይህ የእኔ ፍርድ ነው፤ ከፈለጉ ይከራከሩኝ።

ተቀባዩንም አልረሳሁትም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም የሰሜኑ ጦርነት ሐይቅ ሲደርስ የከተማዋ ሰው ራሱ ወደ ደሴና ከዚያም ወዲያ ሸሽቷል። ኋላ ሲመለስ ሱቁ ተዘርፎ፣ ቤቱ ተሰብሮ ጠበቀው። ያ ሰው ነው ቤቱን፣ ግቢውን፣ እህሉን ለወለጋው ተፈናቃይ ያካፈለው። ሰኔ 2015 ዓ.ም አሜሪካና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህሉ እየተሰረቀ ነው ብለው በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታውን ሲያቆሙ፣ የካምፑ ሰው በከተማው የቀን ሥራ ገበያ ላይ ወረደ። የቀን ሠራተኛው ብዛት ሲጨምር ዋጋው ወደቀ። ነባሩ ወጣት አጉረመረመ። በሁለት ወር ውስጥ በአማራ ክልል አዲስ ጦርነት ተነሣ፤ መንገድ ተዘጋ፣ ሸቀጥ ተወደደ። ማጉረምረሙን ክፋት ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። እኔ ግን የዚያ ወጣት እህት የት እንዳለች ልጠይቅ እወዳለሁ።

ብዙውን ጊዜ ጅዳ ናት፤ ወይም ሪያድ፤ ወይም ቤይሩት። ሐይቅና አምባሰል ሰው የሚቀበሉ ብቻ አይደሉም፤ ሰው የሚልኩም ናቸው። በደላላ፣ በሚሌ፣ በጅቡቲ፣ በኦቦክ ባሕር፣ በየመን። ወይም በኮንትራት፣ ዕድሜ ተጨምሮ በወጣ ፓስፖርት፣ በአውሮፕላን። አሠሪዋ በከፋላ፣ ማለትም በዋስትና ሥርዓት፣ የኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ዋስ ነው፤ ከቤቱ ከወጣች ሕገወጥ ናት። በኅዳር 2006 ዓ.ም ሳዑዲ ስትጠርግ ከመቶ ስልሳ ሺሕ በላይ ኢትዮጵያውያን በወራት ውስጥ ተመልሰዋል። ከመካከላቸው ስንቱ ወሎዬ እንደነበር የቦሌ ግቢ ይመስክር። ያቺ ልጅ ስትመለስ ምን ትባላለች? «የዓረብ አገሯ።» ዓረብ ቤት ሐበሻ ነበረች፤ እዚህ ደግሞ የዓረብ አገሯ ሆነች። በስልኳ ከእናቷ ይልቅ ከማዳሟ ልጅ ጋር ስትሳሳቅ፣ ጋብቻ ስትጠየቅ፣ ገንዘቡ ስንት ነው ስትባል፣ ራሷን የምትጠይቀው ጥያቄ ከወለጌዋ ጋር አንድ ነው። ሐይቅ ላይ ከዓረብ አገር በተላከ ብር የተሠራ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ከወለጋ የመጣ ቤተሰብ ተከራይቶ ቢገኝ አይገርመኝም። አንዷ አገሯን ለቅቃ የሠራችውን ቤት ሌላዋ አገሯን ተነቅላ ትኖርበታለች።

ነገሩ የወሎ ብቻ አይደለም። በዚያው በ1977 ዓ.ም፣ የወሎ ሰው በአውቶቡስ ወደ ወለጋ ሲጓዝ፣ ስምንት ሺሕ ያህል ቤተ እስራኤል በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ተሻግሯል። እስራኤሎች ሰውን መቀበያውን ሥርዓት «ክሊታ» ይሉታል፤ ትርጉሙ ወደ ውስጥ መቀበል ነው። የቋንቋ ትምህርት ነበረ፤ ማረፊያ ማዕከል ነበረ፤ ዜግነቱ ወዲያው ነበረ። እንዲያም ሆኖ በ1988 ዓ.ም የለገሱት ደም በምስጢር ሲደፋ እንደኖረ ሲሰሙ አደባባይ ወጡ። ጎንደር ላይ ፈላሻ፣ ቴላቪቭ ላይ ጥቁር። ለሩሲያ ጀርመኖችም እንደዚሁ ሆኗል፤ እዚያ ጀርመን ሲባሉ ኖረው ጀርመን ሲገቡ ሩሲያዊ ተባሉ። ለሁለቱም ግን አገሩ መጀመሪያ ወረቀቱን፣ ቋንቋውን ሰጥቷቸዋል፤ ስም መለጠፉ በኋላ መጣ። ሐይቅ ላይ ስሙ ቀድሞ መጣ፤ ወረቀቱ ገና ነው።

ወሎ ውስጥ መንግሥት የማይሰጠው አንድ ዜግነት አለ፤ ቅሬ ይባላል። ሌላው አገር እድር የሚለውን ነው። ወር በወር ይከፈላል፤ ሞት ሲመጣ መቃብር ይቆፈራል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ለሐዘንተኛው ምግብ ይቀርባል። እስላምና ክርስቲያን በአንድ ቅሬ የሚኖርበት መንደር ብዙ ነው፤ የቀብሩ ጸሎት በየሃይማኖቱ ቢሆንም አካፋው አንድ ነው። ቅሬ የገባ ሰው የሠፈር ነው። ካልገባ በቀን ሥራው ቢደነቅም፣ ልጆቹ ኳስ ቢጫወቱም፣ ገና የመንደር አልሆነም።

ካምፕ ውስጥ ያለን ሰው ካምፑ ይቀብረዋል። ሴትየዋ ግን ከካምፕ ወጥታ ክፍል ተከራይታለች፤ ልብስ ታጥባለች፣ እንጀራ ትጋግራለች። ጎረቤቷ የሆኑት ሴት እታለም ይሏታል። ሰው ሲሞት ሄዳ ሽንኩርት ከትፋለች፣ ውኃ ቀድታለች፤ ማንም ሳይጠራት። የሠፈሩ ሴቶች ናቸው በመጨረሻ ለቅሬው ዳኛ ያነሡላት። ሽማግሌው ደብተሩን ገልጠው ስሟን ከጠየቁ በኋላ ያችን ጥያቄ መጠየቃቸው አልቀረም፤ የማን ልጅ ነሽ? የአያቷን ስም ነገረቻቸው፤ የመንደሩንም። ሽማግሌው አሰቡ፤ ስሙን አላወቁትም። ዝም ብለው ጻፉት።

የዚያን ሳምንት ካምፕ ውስጥ የቀሩት ወንድሞቿ ደውለው ነገሯት። ወደ ወለጋ የሚመለሱት ስም ዝርዝር ወጥቷል፤ የእሷም አለበት። የመዘገቧት መቼ እንደሆነ አታስታውስም። የቅሬውን የወር ክፍያ ግን በዚያው ቀን ከፈለች።